ስንት ጋት?

ልጃቸው «ጋት ልፈተን ነው» ሲላቸው፣ የዶርዜው አዛውንት ሸማኔ መወርወሪያቸውን ድሩ ላይ አሳርፈው «ስንት ጋት?» ብለው ጠየቁት። ቀልድ አልነበረም። ሰውየው ሽሮ ሜዳ ረጅም ዘመን ሲሸምኑ የኖሩ ናቸው፤ አማርኛንም የተማሩት ከደንበኛ ጋር እየተከራከሩ ነው። ክንድ፣ ስንዝርና ጋት የዕለት እንጀራቸው ናቸው። አራት ጣት ሲገጠም አንድ ጋት ይሆናል፤ የቀሚሱ ጥበብ አንድ ጋት ይሁን ወይስ ጋት ተኩል በሚል ክርክር ስንት ቀብድ ተመልሷል፣ ስንት ሠርግም ሊዘገይ ደርሷል። እንግዲህ ሚስት አግብቶ የወለደ፣ ጨንቻ ላይ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ጎልማሳ ከአርባ ቀን በኋላ ጋት እንደሚጠብቀው ሲያበሥራቸው ስፋቱን መጠየቃቸው የሙያ ግዴታ ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ በጋሞ ዞን አንድ ብቻ አይደለም። ጨንቻም አለ፣ ቦንኬም አለ፣ ካምባም አለ፣ ብርብርም አለ። በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ ያፈጠጠና ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው ከታየ ወይ ዳዊት እየደገመ ነው ወይ ለጋት እየተዘጋጀ። ስለዚህ የዚህ ወግ ባለታሪክ የተለየ ስም አያስፈልገውም፤ ተፈታኙ ይባላል።

«ጋት» የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የእንግሊዝኛ ስም ሲያጥር የሚመጣ ቃል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ማስተርስም ሆነ ዶክትሬት መማር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ይህን በትምህርት ሚኒስቴር የሚመራ አገር አቀፍ ፈተና ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይፈተናል። ስለ ኬሚስትሪ የሚጠይቀው ነገር የለም። ተፈታኙ ዓመታት ሙሉ ያስተማረውን የሞል ስሌት የሚፈልግለት አላገኘም። ቃላትና ምንባብ አለ፣ ቁጥርና ስሌት አለ፣ የማመዛዘን ጥያቄ አለ፤ የሚለካው አስተሳሰብ ነው ይባላል። ሰው ትምህርቱን ይከልሳል። አስተሳሰቡን ግን በየትኛው ደብተር ላይ ይከልሰው?

ድሮ፣ ድሮ ማለት ከጥቂት ዓመታት በፊት ማለት ነው፣ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ለራሱ አመልካቾች የራሱን ፈተና ያወጣ ነበር። የያኔው ዝግጅት ሰው የማፈላለግ ዝግጅት ነበር። ፈተናውን የሚያወጣው መምህር ማን እንደሆነ ይጣራል፣ የእሱን ሀንድአውት ያስቀረ የቀድሞ ተማሪ ይታሰሳል፣ ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተንገላትቶ ዘመድ ቤት ይታደራል። ከዚያም በፊት ማስተርስ ማለት አውሮፕላን ማለት ነበር። በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የከፈተው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ በመሃል ባሉት ሃያ ስምንት ዓመታት ሁለተኛ ዲግሪ ያማረው ሰው ፓስፖርትና ካፖርት ያዘጋጅ ነበር። አርባ ምንጭም በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም አገኘች፤ ተቋሙ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ካፖርቱ ቀረ፤ ፈተናው በቦታው መጣ።

ተፈታኙ ለፈተና ባዕድ አይደለም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትኗል፤ የአሥረኛውን ማትሪክ አልፏል፤ የመሰናዶውንም ተሻግሯል። ያመለጠው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ስለተመረቀ። ችግሩ ከዚያ ወዲህ ፈታኝ ሆኖ መክረሙ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ፣ ተፈታኙ ክፍል ገብቶ አንድ ሙሉ ፔሬድ ስለ ስንፍና ተናግሯል። «ፕሮግራም አውጥታችሁ ብታነቡ ኖሮ!» ብሎ ጠረጴዛ ደብድቧል። ያ ንግግር አሁን ዕዳ ሆኖበታል። የምዝገባውን ወሬ የሰማ አንድ ተማሪ በረንዳ ላይ ባገኘው ቁጥር አንገቱን ሰበር አድርጎ በትሕትና «ቲቸር፣ ፕሮግራም አወጡ?» ይለዋል።

አወጣ እንጂ። ፕሮግራሙ የሚታይ ነው። መሠረቱ የዘይት ካርቶን ሲሆን ላዩ ላይ ነጭ ወረቀት በኮላ ተለጥፎበታል። መስመሮቹ በማስመሪያ ተሰምረው በአራት ቀለም ፓርከር ተሞልተዋል፤ ቀይ ለቃላት፣ ሰማያዊ ለስሌት፣ አረንጓዴ ለማመዛዘን፣ ጥቁር ለክለሳ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ቃላት። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ስሌት። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ማመዛዘን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክለሳ። አርባው ቀን በአርባ ሣጥን ተከፍሏል፤ በየሣጥኑ ማዕዘን ላይ ቀኑ ሲያልቅ ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ክብ አለች። ይህን ሁሉ ለመሥራት ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለቱ ቀናት ግን በፕሮግራሙ መሠረት የንባብ ቀናት ስለነበሩ፣ ሥራው ተጠናቆ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ተፈታኙ ከፕሮግራሙ በሁለት ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ በ38 ሣጥን እንደገና ተሠራ።

ሚስቱ የተለጠፈውን ከላይ እስከ ታች አየችና «የእኔ ቀለም የትኛው ነው?» አለች። ተፈታኙ ትንሽ አሰበና ጥቁሩን አሳያት። «ክለሳ» የሚለውን ጮክ ብላ አንብባ ወደ ማጀት ገባች።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳትን ካርቶን ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ ጨንቻ ላይ መነሳት ግን ሌላ ነገር ነው። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ አርባ ምንጭ ሳትኖር የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ የነበረች፣ ጉሙ እንደ እንግዳ በር ላይ የሚያድርባት ከተማ ናት። በመጀመሪያው ሌሊት ተፈታኙ ጋቢውን ተከናንቦ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። በሁለተኛው ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ስልኩ ደረቱ ላይ እንዳለ ነጋ።

ያም ሆኖ ጥቂት ቃላት ገብተውለታል። «ታሲተርን» ዝምተኛ፣ «ሎኩዌሸስ» ለፍላፊ። አዲስ ቃል በንግግር ካልተጠቀሙበት ይጠፋል የሚል ምክር አንብቦ ስለነበር በሻይ ሰዓት የስፖርት መምህሩን «አንተኮ ሎኩዌሸስ ነህ» አለው። የስፖርት መምህሩ ሻዩን አስቀመጠና «ምርመራ ያስፈልገዋል?» ብሎ ጠየቀ።

ቃላቱም ጥያቄዎቹም የሚመጡት ከቴሌግራም ነው። «የጋት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው» የሚል ፒዲኤፍ እንደ ጸበል ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ሽፋኑ አገራዊ ነው። ሲከፈት ግን ጆን ከቺካጎ በባቡር ይነሳል፣ ሜሪ ከቦስተን ትነሳለች፣ የት ላይ እንደሚገናኙ ደግሞ ጨንቻ ላይ ሆኖ ባቡር በዓይኑ ያላየ ሰው ይጠየቃል። የእነዚህ ፋይሎች ሆድ ዕቃ በአብዛኛው ከአሜሪካው ጂአርኢ አሮጌ መለማመጃ የተገለበጠ ነው። ጂአርኢ እ.ኤ.አ. በ1936 በአራት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሙከራ የተጀመረ፣ የዚህ ዘር ሁሉ አያት የሆነ ፈተና ነው። አያትየው ግን እንደ እኛ አገር አያት በልማዱ የሚጸና አልሆነም። ሰዎችን በቅድመ ሁኔታ ወንበር ላይ የማስቀመጥ እንቆቅልሹን እ.ኤ.አ. በ2002 ተወው። «ወፍ ለጎጆ እንደሆነ ንብ ለምን?» ዓይነቱን የቃላት ማዛመጃ በ2011 ጣለው። በ2023 ደግሞ አራት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ይፈጅ የነበረውን ፈተና ከሁለት ሰዓት በታች አወረደው። የሕግ ትምህርት ቤቶቻቸው ፈተናም ወንበር ማስቀመጡን በ2024 አቆመ። ሌላው ዓለም ነድቶ የተወው ቪትዝ አዲስ አበባ ላይ ሲደርስ ዋጋው ሰማይ እንደሚነካ ሁሉ፣ አሜሪካኖች የጣሉት ጥያቄም በፒዲኤፍ ተጭኖ ጨንቻ ሲገባ ክብሩ እንደ አዲስ ነው።

መልሶቹም እርስ በርስ አይስማሙም። ለጥያቄ 47 አንዱ ፋይል «ሲ» ይላል፣ ሌላው «ዲ»፤ ተፈታኙ ሠርቶ ያገኘው «ኤ» ነው። ለማስታረቅ ሦስተኛ ፋይል ተፈለገ። እሱም «ኢ» አለ። በጥያቄው ላይ ኢ የሚባል ምርጫ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ፣ አረንጓዴው ቀን መሆኑ ነው፣ ተፈታኙ ስልኩን ይዞ ወላጆቹ ዘንድ ዶርዜ ወረደ። አባቱ እቃቸው ላይ ተቀምጠው ይሸምናሉ፤ እናቱ በረንዳው ላይ እንዝርት ያሾራሉ። በጋሞ ወንዱ ይሸምናል፣ ሴቷ ትፈትላለች፤ በዚህ ቤት ያለሥራ የተቀመጠው የተማረው ልጅ ብቻ ነው። አባቱ የጋቱን ነገር አልረሱም። «እስቲ አንዱን ጠይቀኝ» አሉ።

በፋይሉ ላይ ሁለት ቧንቧዎች አንድ ገንዳ ይሞላሉ። ተፈታኙ ለአባቱ ሲል ቧንቧዎቹን ሸማኔ አደረጋቸው። «አንድ ሸማኔ አንዱን ጋቢ በ6 ቀን ይሠራል፤ ሌላው በ3 ቀን። አብረው ቢሠሩ በስንት ቀን ይጨርሳሉ?»

የፈተናው መልስ 2 ቀን ነው። የመጀመሪያው በቀን አንድ ስድስተኛውን፣ ሁለተኛው አንድ ሦስተኛውን ይሠራል፤ ሲደመር የቀን ሥራቸው ግማሽ ጋቢ ነው።

«በሦስት ቀን የሚሠራው ማን ነው?» አሉ አባት።

«እንበል ነው እንጂ አባባ፣ ሰው የለም።»

«ካለ ድሩን ያሳሳል። ገዥ ያውቅበታል።»

«እሺ፣ አብረው ሲሠሩስ?»

«በአንድ እቃ?»

«በአንድ።»

«ጉድጓዱ የሚይዘው የአንድ ሰው እግር ነው። ሁለተኛው ምን ይሠራል? ያወራል። ወሬ ካለ ስድስቱም ቀን አይበቃ።» መወርወሪያውን ሁለት ጊዜ አመላልሰው «ስምንት በል» አሉት።

ስምንት ከምርጫዎቹ አንዱ ነበር።

ከዚያ አዛውንቱ በአገጫቸው ወደ ቤታቸው አመለከቱ። የዶርዜ ቤት በቀርከሃ ተዋቅሮ፣ በእንሰት ሽፋን ለብሶ፣ ግንባሩ እንደ ዝሆን ወጣ ብሎ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። ምስጥ ከሥር ከሥሩ ይበላዋልና ቤቱ በዓመታት ውስጥ እያጠረ ይወርዳል፤ ሲያስፈልግም ሰው ተሰብስቦ በትከሻው ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያሳርፈዋል። «ይቺ ቤት በሦስት ዓመት አንድ ጋት ብትወርድ፣ እኔ ሳላጎነብስ የምገባባት ስንት ዓመት ይቀረኛል? እንዲህ ብለው አይጠይቁም?» አሉ። ተፈታኙ ፒዲኤፉን ወደ ታች ገፋ አድርጎ አየ። አይጠይቁም።

እናት ተራቸው ደረሰ። ለእሳቸው በጋሞኛ ተተረጎመላቸው። «ሰባት ሰዎች በክብ ማዕድ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ሀ ከለ ጎን አይቀመጥም። ሐ ከመ ጎን ካልሆነ አይቀመጥም። ሠ ከረ በስተግራ መሆን አለበት። ሰ ከየት ይቀመጣል?»

እናት እንዝርቱን አቆሙት። «ሀ እና ለ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም። ደንቡ ነው፣ እማዬ።»

«ሰው ዝም ብሎ ከሰው ጎን አልቀመጥም አይልም። ተጣልተዋል።»

«ጥያቄው መጣላታቸውን አይናገርም።»

«መሬት ነው? ሚስት ነው?»

«አይናገርም አልኩሽ።»

«ሽማግሌስ ገብቷል?»

«እማዬ፣ የሰ ቦታ ነው የተፈለገው።»

«የሰ ቦታማ ይገኛል፣ አንድ ሰው ነው፤ ጠጋ ጠጋ ቢሉለት ይበቃል። እነዚያ ሁለቱ ሳይታረቁ ማን ነው ማዕድ ላይ ያስቀመጣቸው? አንተስ ይህን ሁሉ ተምረህ የተጣላ ሰው አራርቀህ ልታስቀምጥ ነው?»

ተፈታኙ በዚያ ቀን የተለማመደው የማመዛዘን ጥያቄ ይህ አንድ ብቻ ነው። ግን እናቱ ጥያቄው አልገባቸውም ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። ጋሞ ውስጥ የተጣላ ሰው ጉዳይ ዱቡሻ ይወጣል። ዱቡሻ ሕዝብና ሽማግሌ የሚሰበሰብበት፣ ነገር ሁሉ ተዘርግፎ የሚታይበት አደባባይ ነው፤ ተናጋሪው እስኪጨርስ ይደመጣል፣ ስንት ቀን ቢፈጅ የሚቆጥር ሰዓት የለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች መገደላቸው ተሰምቶ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩባቸው። ወጣቱ ሣሩን ተሻግሮ አላለፈም። እንዲህ ካለ አገር የተገኙ እናት «ሀ ከለ ጎን አይቀመጥም» የሚለውን እንደ ደንብ ሳይሆን እንደ አቤቱታ ቢሰሙት ምን ይገርማል? እንዲያውም በዚሁ ፒዲኤፍ ገጽ ወረድ ብሎ ሌላ ዓይነት ጥያቄ አለ። «ክርክሩ ሳይነገር የቆመበት ግምት የቱ ነው?» ይላል። ለተፈታኙ ከሁሉ የከበደው እሱ ክፍል ነው። እናቱ ሳይነገር የታለፈውን ነገር በአንድ ትንፋሽ አውጥተውታል፤ በፈተናው ስክሪን ላይ ግን የሚጫኑት ክብ የለውም።

በአራተኛው ሳምንት ተፈታኙ ከፕሮግራሙ በአሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበርና አርባ ምንጭ ወርዶ ሊያነብ ወሰነ። ሰበቡ ኔትወርክ ነው። ከጨንቻ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች ጠመዝማዛ መንገድ ሰው ጃኬት ለብሶ ተሳፍሮ በካናቴራ ይወርዳል። ታች ሙቀቱ ሌላ፣ ዓለሙ ሌላ። ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲታይ ቀላ ያለው አባያና ሰማያዊው ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ በመሃላቸው የእግዜር ድልድይ አለ። ዩኒቨርሲቲውም ካምፓሶቹን የሰየመው በዚሁ አገር ነው፤ አባያ፣ ጫሞ፣ ኩልፎ፣ ነጭ ሳር። ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ ወንዝ፣ ሜዳ። አንዱን ለይቶ አውጣ የሚል ጥያቄ ቢመጣ ተፈታኙ ለአንድ ሰዓት ይከራከር ነበር። የከተማዋ ስምም ቢሆን የስሌት ክፍልን አያልፍም፤ አርባው ምንጭ ብዛቱን ለመናገር እንጂ አንድ፣ ሁለት ተብሎ ተቆጥሮ የወጣ ስም አይደለም ይባላል።

የቡድን ጥናቱ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ነበር። አራት መምህራን፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ከላይ የሚንቋቋ ቬንትሌተር። ሦስት ሰዓት ተይዞለት ነበር። የመጀመሪያው ሰዓት የመምህራን ደመወዝን ለመተንተን ዋለ። ሁለተኛው በአዞዎቹ፣ በአርባ ምንጭ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ማለት ነው፣ አጨዋወት ላይ አለፈ፤ እውነቱን ለመናገር በጥናቱ ውስጥ የተሟላ መረጃና ጥብቅ ማመዛዘን የታየው በዚህ ሰዓት ብቻ ነው። በሦስተኛው ሰዓት መጀመሪያ ላይ ላፕቶፑ ተከፈተ፣ የጆን ባቡር ከቺካጎ ተነሳ፣ አንዱ መምህር ደግሞ «አሳው እስኪጠበስ ጊዜ ይወስዳል፣ አሁን ካላዘዝን ይመሽብናል» አለ። ማመዛዘኑ ትክክል ነበር። የጫሞ ነጭ አሳ ተጠብሶ፣ ጎኑን በቢላ ተተልትሎ፣ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ የሜሪ ባቡር ከቦስተን ይነሳ አይነሳ ያስታወሰ የለም። ከአሳው በኋላ ደግሞ ስሌት የለም፤ ይህን አርባ ምንጭ ተምሮ የወጣ ሁሉ ያውቃል።

ምዝገባው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ክፍያው በቴሌብር፣ ቅጹ በኦንላይን፤ ሁለቱም ኔትወርክ ይፈልጋሉ፣ ኔትወርኩ ደግሞ የሚመጣው ሁሉም ሲተኛ ነው። ከዚያ የስም ነገር አለ። የተፈታኙ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ዲግሪው ላይ በ«ኤስ» ተጽፏል፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ በ«ዜድ»። የትኛው ነው ትክክለኛው ቢባል ሁለቱም አይደሉም፤ አያቱ ስሙን ሲያወጡለት እንግሊዝኛ አላሰቡም። ቅጹ ላይ የቱን ይሙላ? እዚህ ላይ ፒዲኤፍ አይረዳም። በሁለቱም ስም ሕልም አየ።

ሰዓቱም አለ። የመግቢያ ወረቀቱ 8:30 ይላል። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ማለትም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፤ ነገር ግን ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተጣጥቦ የደረሰ ሰው ወሬ በየፈተናው ሰሞን ይወራል። ተፈታኙ ሁለቱንም አቆጣጠር ለማሸነፍ ሲል ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ደረሰ። ጥበቃው «ማነህ?» አለው። «ተፈታኝ» አለ። «ምን አስቸኮለህ?» ቢባል «ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቶኝ ነው» ብሎ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው።

የፈተናው አዳራሽ ስም ይቅር። ስልክ በር ላይ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ሲያስገባ እጁ ላብ አጥምቆት ማውሱ ይንሸራተታል። በስክሪኑ ማዕዘን ላይ ሰዓት ቆጣሪው ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ተማሪዎቹን «አሥር ደቂቃ ቀርቷል» እያለ ሲያስደነግጥ የኖረ ሰው ያቺን ቁጥር ሲያይ የሆዱን ነገር ለራሱ መተው ነው። በመካከሉ መብራት ሄደ። ሁሉም ስክሪን ጠቆረ፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሰዓቱ ይቁም አይቁም የሚያውቅ አልነበረም። ጄኔሬተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ሲነሳ ቁጥሩ ካቆመበት ቀጠለ፤ አንዲት ከፊት የተቀመጠች ተፈታኝ «ተመስገን» ያለችው አዳራሹ መጨረሻ ድረስ ተሰማ።

ከዚያ መጣ። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ተፈታኙ ገና ሳያነበው አወቀው። ክብ ጠረጴዛ። በዚህኛው ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ሰባተኛው ምናልባት ታርቆ ወደ ቤቱ ሄዷል። «አንደኛው ከሁለተኛው ጎን አይቀመጥም» ይላል። ተፈታኙ ወረቀቱ ላይ ክብ ሣለ፣ ነጥብ አደረገ፣ ከዚያ የእናቱ እንዝርት ቆመበት። መሬት ነው? ሚስት ነው? አርባ ሴኮንድ እዚያ ላይ ሄደ። በመጨረሻ አንዱን መልስ ተጭኖ አለፈ፣ እንደ ሁሉም ሰው።

ውጤት ሳይመጣ መስቀል ደረሰ። ለጋሞ መስቀል ማለት በዓል ብቻ አይደለም፣ የዓመቱ በር ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔው ይመጣል፣ ከየከተማው ተማሪውና ነጋዴው ይመጣል፣ መንገድ ለመንገድ «ዮ ማስቃላ!» ይባላል። የተጣላ ካለ ከበዓሉ በፊት ይታረቃል። በተፈታኙ አባት ግቢ ድንበር ላይ አንድ ጋት መሬት ገባህ፣ አልገባሁም በሚል ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ የከረሙ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ። የመስቀል ዋዜማ ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ አልቋል።

ቅቤው ፈስሷል፣ ቆጮው ቀርቧል፣ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ተዘርግቷል። ተፈታኙ ግን ከቤቱ ጀርባ ጉብታው ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል። ከጓደኞቹ አንዱ «ውጤት ተለቋል» የሚል መልእክት ልኮለታል። ገጹ ነጭ ነው፤ መሃሉ ላይ ትንሽ ክብ ትሽከረከራለች። ከላይ አንድ የኔትወርክ መስመር ይመጣል፣ ይሄዳል። ዩዘርኔሙን በ«ኤስ» አስገባ። ከዚያ በ«ዜድ»።

ከታች አባቱ «ስንት ጋት ሆነ?» ብለው ጮኹ።

«ገና አልከፈተም አባባ!»

ሲመለስ እናቱ እንግዶቹን አስቀምጠው ጨርሰው ነበር። አንድም ነገር አልጻፉም፣ ክብም አልሣሉም። ትልልቆቹ ወደ ውስጥ፣ አማቹ ወደ በሩ፣ ሁለቱ የድንበር ጎረቤታሞች ደግሞ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ከአንድ ቅጠል ይቆርሳሉ። ተፈታኙ ቆጠራቸው፤ ከእሱ ጋር ስድስት ሆኑ። ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ክቧን እያየ ተቀመጠ።

«ስልኩን አስቀምጥና ጠጋ በል» አሉት እናቱ። «አንድ ሰው በር ላይ ቆሟል።»